ሮቶ፣ ወባ እና የቦሌ ከፍታ

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ጋር የምኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሕንፃው ከቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም፤ ጣሪያው ላይ ሲቆሙ ጉልላቱ ፊት ለፊት ነው። ውሃ በፈረቃ ሦስት ቀን ጠፍቶ በአራተኛው ሌሊት መጥቶ ነበር፤ የእኛ ቤት ግን ቧንቧው ሲከፈት ይተነፍሳል እንጂ አይፈስም። ጣሪያው ላይ ስድስት የውሃ ሮቶ ተደርድሯል። የአንዱን ክዳን ፀሐይ ሰንጥቆታል። የሌላው ክዳን ጭራሽ የለም፤ በምትኩ የተጣለ የመስኮት ፍሬም ተጋድሞበት ድንጋይ ተጭኖበታል። ልጁ የስልኩን መብራት ወደ ውስጥ አበራና «ጋሼ፣ ይኼን ይዩት» አለኝ።

ውሃው ጥርት ያለ ነው። ላዩ ላይ ግን እንደ ክር ቁራጭ የቀጠኑ ነገሮች ይንቀጠቀጣሉ። ጥላችን ሲያርፍባቸው ተጠማዝዘው ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ። የቢንቢ እጭ ነው። ራሳቸውን ዘቅዝቀው በጭራቸው ተንጠልጥለዋል፤ ይህ የተራዋ ቢንቢ ምልክት ነው። የወባ ትንኝ እጭ ቢሆን ኖሮ ከውሃው ገጽ ጋር ተስተካክሎ በጀርባው ተንጋሎ የሚዋኝ ሰው መስሎ ይተኛ ነበር። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀ። የመጣው ከጃዊ ነው። «እኛ አገር ያለው የተኛው ነው» አለኝ። በልጅነቱ ስንት ጊዜ ወባ እንደያዘው ጠየቅኩት። «እሱማ ማን ይቆጥረዋል» አለ።

የአዲስ አበባ ሰው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው፤ ወደ ቦረና ድርቅ፣ ወደ አፋር ሐሩር፣ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ወደሚቀልጥ በረዶ። ስለ ራሱ ከተማ ሲጠየቅ «አየሯ ተስማሚ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ የሸሹት ብርድና ነፋስ ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ አቅጣጫዋን አልቀየረችም፤ ቁልቁል ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ቡልቡላ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ቆዬ ፈጬ ስትወርድ ኖራለች። አባቶቻችን ቆላ ወርደው በንዳድ ታመው ደጋ ተመልሰው ይድኑ ነበር። ዛሬም እዚህ ማንም ቤቱ አጎበር የለውም። ሐኪም ካልጠየቀ በቀር ስለ ወባ የሚያስብ የለም።

የዚህ ከፍታ ዋጋ በቁጥር ሊነገር ይችላል። ወባን የሚያስተላልፈው ነገር ትንኟ ብቻዋን አይደለችም፤ በሆዷ ውስጥ ያለው ተውሳክ መብሰል አለበት፣ ለመብሰል ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል። ገዳይ የሆነው ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ጨርሶ አያድግም። የወባ ተመራማሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠቀሙበት በኖሩት ስሌት መሠረት 18 ዲግሪ ላይ ተውሳኩ ለመብሰል 55 ቀን ይፈጅበታል፤ 20 ዲግሪ ላይ 28 ቀን፤ 25 ዲግሪ ላይ 12 ቀን። ሴቷ ትንኝ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ የምትኖረው በስንት ጊዜ አንዴ ነው። ስለዚህ 18 ዲግሪ ላይ ተውሳኩ ሳይበስል እሷ ትሞታለች። 20 ላይ ይሽቀዳደማሉ። 25 ላይ ተውሳኩ ቀድሞ ይደርሳል፣ እሷም ከዚያ በኋላ የምትነክስበት ሁለት ሳምንት ይተርፋታል። የአዲስ አበባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ገደማ ነው። ከወባ የሚከልለን ግድግዳ ውፍረቱ ሦስትና አራት ዲግሪ መሆኑ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ከ14 ተኩል ዲግሪ ጀምሮ ቀስ እያለ ያድጋል፤ ለእሱማ ግድግዳው ከዚያም የሳሳ ነው።

ሌላም ስሌት አለ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሲወጣ አየሩ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስቡት በወላጆቻችን ዘመን 1,900 ሜትር ላይ የነበረው አየር ዛሬ ከ2,100 ሜትር በላይ ወጥቷል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ አላት። ከዚያ ቦሌ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሒሳብ አይምሰል። እ.ኤ.አ. በ1958 ክረምት ዝናቡ በዝቶ፣ አየሩም ከወትሮው ሞቆ ወባ ወደ ደጋው ጠርዝ ወጣ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው፣ ሕዝቡ በሽታውን በማያውቅበት አገር ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150 ሺህ ያህሉ ሞተ። አዝመራው ማሳ ላይ ቀረ። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በማግስቱ ዓመት ነው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ ዲዲቲ የሚረጩት ሠራተኞቹ እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች ትዝታ አሉ። ሰዎችን የገደለው ሙቀቱ ብቻ እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ቆለኛው በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ ሰውነቱ በሽታውን ተለማምዶታል፤ ደገኛው ግን ሽማግሌውም ሕፃኑም እኩል ለበሽታው እንግዳ ነው። ዛሬ በወባ ረገድ ከአራት ሚሊዮን በላይ የሚገመተው የአዲስ አበባ ሕዝብ ያ ደገኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት የቢሾፍቱን አካባቢ ከኮሎምቢያ ተራሮች ጋር አነጻጽሮ አጥንቶታል። ከ1993 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ያለውን የሕሙማን መዝገብ ቀበሌ በቀበሌ ከከፍታው ጋር አገናዝበው ተመራማሪዎቹ ያገኙት ነገር ቀላል ነው፤ በሞቃት ዓመታት ወባው ተራራ ይወጣል፣ በቀዝቃዛዎቹ ይወርዳል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የወጣ ጽሑፍ በአቃቂ ከተማና በዙሪያዋ ወባ ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ ብቻ ሳይሆን እዚያው የሚተላለፍ መሆኑን አሳይቷል። አቃቂ አዲስ አበባ ናት፤ በከተማ አውቶቡስ የሚደረስባት። ከሃያ ዓመት በፊት ይህ ታትሞ ሳለ «አዲስ አበባ ወባ የለም» የሚለው አባባል አለመነቃነቁ ይደንቀኛል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የገጠሯ ትንኝ ታሪክ ነው። ረግረግ፣ የወንዝ ዳር ኩሬ፣ የከብት ኮቴ የቆፈረው ጉድጓድ የምትወደው፣ የከተማ ቆሻሻ ውሃ የምትጠየፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ። አስፋልትና ሲሚንቶ ሲበዛ እሷ ትሸሻለች። ለዚህ ነው ከተሜነት ከወባ ያድናል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ የተያዘችው ሌላዋ ትንኝ ይህን አባባል ገለበጠችው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፤ አገሯ ደቡብ እስያ ነው። ከእኛ በፊት በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ ታይታ ነበር። ቀጥሎ በተደረገው አሰሳ ሰመራ፣ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ባቲም ሳይቀር ተገኘች፤ የከባድ መኪናው መንገድ የሚያልፍባቸው ከተሞች ናቸው። ይህቺ ትንኝ ከተሜ ናት። የምትወልደው በበርሜል፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ ለሕንፃ መሠረት ተቆፍሮ ውሃ በያዘ ጉድጓድ፣ ክዳን በሌለው ሮቶ ውስጥ ነው። ንጹሕ ውሃ ትወዳለች። ዝናብ አትጠብቅም፤ ሰው በበጋ ያጠራቀመው ውሃ ይበቃታል።

ድሬዳዋ ላይ የሆነውን እናውቀዋለን። በ2019 እ.ኤ.አ. 205 ሕሙማን የተመዘገቡበት የጥር እስከ ግንቦት ወቅት በ2022 እ.ኤ.አ. 2,425 ሰው ታመመበት። ወቅቱ በጋ ነው። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ሕመምተኞቹን ተከትለው ቤታቸውና የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍላቸው አጠገብ ያለውን ውሃ ሲመረምሩ ስቴፈንሲን አገኟት። ጥናቱ በማግስቱ ዓመት ኔቸር ሜዲስን ላይ ሲወጣ በአፍሪካ ከተሞች ጉዳይ የሚሠራ ሁሉ አነበበው። ድሬዳዋ ከዚህ ቀደምም በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሶባታል፤ እነዚህን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝም የምትራባው እንዲሁ በተጠራቀመ የቤት ውሃ ነው።

ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ ነች፤ ቦሌ የዚያን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስቴፈንሲ ነገ ጠዋት መድኃኔዓለም ትደርሳለች የሚል የለም፤ እኔም አልልም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ሙቀቱ ወደ እኛ እየወጣ ሳለ እኛ ደግሞ በየጣሪያው መኖሪያዋን እያዘጋጀንላት ነው። ከኤድና ሞል እስከ ሃያ ሁለት፣ ከአትላስ እስከ ገርጂ፣ ከሰሚት እስከ አያት ድረስ ጣሪያ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሮቶ የሌለው ሕንፃ ማግኘት ይከብደዋል። ሰው ሮቶ የሚገዛው በምኞት አይደለም። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። የለገዳዲ ግድብና የአቃቂ ጉድጓዶች የሚሰጡት ውሃ ከከተማዋ እድገት ጋር እኩል አልሄደም። ዝናቡ በተዛባ ቁጥር ፈረቃው ይረዝማል፣ ፈረቃው በረዘመ ቁጥር ሰው ይበልጥ ያጠራቅማል። የአየር ንብረት ለውጥ ቦሌ የሚገባው በቴርሞሜትር ብቻ መስሎ ይታየናል፤ በቧንቧውም በኩል ይመጣል።

ይህ ለእኛ አገር ሳይንስ እንግዳ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖም በወጣትነታቸው ያጠኑት ይህንኑ ነበር። በትግራይ ድርቅን ለመቋቋም የተሠሩ ትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ በወባ እንደሚያዙ ያሳየው ጽሑፋቸው በ1999 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና ጆርናል ታትሟል። ግድቡ አያስፈልግም ማለት አልነበረም። ለድርቅ የሠራነው መድኃኒት ራሱ ሌላ በሽታ ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆ መዘጋጀት ያስፈልጋል ማለት ነው። ግድቡን በሮቶ ተኩትና ጽሑፉ የቦሌ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በፊት የዓመቱ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። ይህን ሁሉ በአየር ንብረት ማሳበብ ለብዙ ባለሥልጣን ይመቻል፤ ሙቀቱን ማን ይጠይቀዋል? ጦርነት ግን ጤና ጣቢያ ዘግቷል፣ አጎበርና ርጭት ያልደረሰበት ወረዳ ሞልቷል፣ ተውሳኩ መድኃኒቱን መልመድ ጀምሯል፣ ፈጣኑ መመርመሪያም የማያገኘው የተውሳክ ዝርያ እየበዛ ነው። ሙቀቱ በሩን ከፈተ እንበል፤ ዘበኛውን ያነሳነው እኛ ነን።

ደግሞ በሽታው መጥቶም ቢሆን እናውቀው ይሆን? ጎረቤቴ ዘንድ የሚሠራ ሹፌር ባለፈው ዓመት መተሐራ ደርሶ ተመለሰ። ከአሥር ቀን በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ ራስ ምታት። ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄደ፤ ስሙን ልተወው። ደሙ ታየና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ። የአዲስ አበባ ትኩሳት ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ታይፎይድ ነው፣ ሌላው ታይፈስ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ይሰጡሃል። መርፌውን ጨረሰ፤ ትኩሳቱ ሄድ መጣ እያለ ቀጠለ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ «ወንድሜ፣ ከከተማ ወጥተህ ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቫይቫክስ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተውሳኩ በደሙ እያለ ቦሌ ውስጥ ሲነዳ፣ መኪናው ውስጥ ሲያድር፣ በቢንቢ ሲነከስ ነበር። የወባ ትንኝ አጠገቡ ብትኖር ኖሮ ሁለት ሳምንት ለእሷ ብዙ ጊዜ ነበር። ስለ አየር ንብረትና ጤና የተጻፉ ብዙ ሰነዶች አንብቤያለሁ፤ የዚያች ነርስ ጥያቄ ያህል የሚጠቅም ግን ጥቂት ነው ያገኘሁት።

ወደ ጎርፍ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ዓይን ያወጣል። አየር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሰባት በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን ይሸከማል፤ ስለዚህ ዝናቡ በዓመት ድምሩ ባይጨምርም በአንድ ጊዜ የሚወርደው ይከብዳል። የከተማዋ ዲች የተሠራው ለአያቶቻችን ዝናብ ነው፤ እሱም ቢሆን በፕላስቲክ ጠርሙስና በግንባታ አሸዋ ተደፍኗል። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በጣለው ከባድ ዝናብ አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ሰው ሞተ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ላይ ከዝናቡ በኋላ የተናደው ተራራ ከ200 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ።

ጎርፍ ግን የሚገድለው በዕለቱ ብቻ አይደለም። ውሃው ሲሸሽ ሽንት ቤቱንና የቧንቧ ስንጥቁን አገናኝቶ ነው የሚሄደው። በዚህ አገር ኮሌራ በስሙ ሲጠራ አይወድም፤ ለዓመታት «አተት» ተብሏል፣ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት አዲስ አበባ ገብቶ ሲዛመት በኋላ የተደረገ ጥናት ለበሽታው አጋላጭ ሆነው ካገኛቸው ነገሮች መካከል ጸበል መጠጣትና ጥሬ አትክልት መብላት ይገኙበታል። ይህን ስጽፍ ብዕሬ ትንሽ ያመነታል፤ እኔም ጸበል እጠጣለሁ። ነገሩ ግን ከእምነት ጋር ጠብ የለውም። ምንጩ ከላይ ሰፈር ሲሰፍርበት፣ ጎርፉ ሲቀላቀልበት ውሃው ውሃ ነው። ከፒኮክ መናፈሻ ዝቅ ብሎ በወንዝ ዳር የሚለማው ጎመንና ሰላጣም የሚጠጣው ከላይ ካሉት ሰፈሮች የወረደውን ነው። በሾላ ገበያ በኩል ዞሮ እኛው ገበታ ላይ ይወጣል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከባሌ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ደግሞ ድርቅና ጎርፍ እየተፈራረቁ በብዙ ክልሎች ሁለት ዓመት አልፎት ቆይቷል።

ሌላው የለውጡ ፊት ረሃብ ነው፤ በእርግጥ በሰው ብዛት ከታየ ከወባም ከጎርፍም በላይ የሚገድለው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2030 እስከ 2050 የአየር ንብረት ለውጥ በየዓመቱ 250 ሺህ ያህል ተጨማሪ ሞት እንደሚያስከትል ሲገምት የቆጠረው የምግብ እጥረትን፣ ወባን፣ ተቅማጥንና ሙቀትን ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ፣ ሳይንቲስቶች ድርቁን መርምረው በሰው ሠራሽ ሙቀት ምክንያት የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ መቶ እጥፍ ማደጉን ደረሱበት። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መዝግቧል። የቦሌ ሰው ይህን የሚያየው በጤፍና በሽንኩርት ዋጋ ነው፤ ደግሞም በየወሩ በሃያ ሰባት በመድኃኔዓለም በር። ሕፃን አዝለው ከሚቀመጡት እናቶች አንዳንዶቹን ከየት እንደመጡ ብትጠይቁ የሚነግሯችሁ የአገር ስም ከድርቁ ካርታ ጋር ይገጥማል።

ሙቀቱ ራሱስ? ለጊዜው የአዲስ አበባ ትልቅ ገዳይ አይደለም። ሰዉ ግን ያውቀዋል፤ ፀሐይ ሰውን እንደሚያሳምም ማንም ሳይንቲስት ሳይነግረን ምች ብለን ሰይመነዋል፣ ዳማከሴም ጨምቀንለታል። በመስታወት የተሸፈኑት የቦሌ ፎቆች ፀሐዩን ተቀብለው ወደ መንገዱ ሲመልሱት፣ ቀድሞ ጓሮና ኮባ የነበራቸው ቪላዎች ፈርሰው አስፋልት ሲሆኑ፣ በየካቲትና በመጋቢት እኩለ ቀን ላይ ከሩዋንዳ ሰፈር እስከ ኤድና ሞል በእግር የሄደ ሰው ልዩነቱን ይነግራችኋል። በቆርቆሮ ቤት የምትኖር ነፍሰ ጡርና የደም ግፊት ያለበት ሽማግሌ ከማንም በፊት ያውቁታል። ጭሱም ተጨማሪ ነው። የአሮጌ ሚኒባስ ጭስ፣ ከሰል፣ በኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ የሚያቃጥለው ቆሻሻ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን ለማባረር የተጀመረው ጭስ ዛሬ አስም ያለበትን ልጅ ቤት ውስጥ ዘግቶ ያውለዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ከጤና አንጻር ብቻ ቢታይ እንኳ ትክክል ነው፤ ለመኪና ነጋዴው መራራ ቢሆንም።

ስብሰባ አልጎደለንም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ የተካሄደው እዚሁ በከተማችን ምሥራቅ፣ በአዲሱ የኮንቬንሽን ማዕከል ነው። የዓለሙ ጉባኤ ኮፕ 32 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ላይ እንዲደረግ ተወስኗል። እንግዶቹ ቦሌ ያርፋሉ፤ የሚያርፉባቸው ሆቴሎች ጣሪያም ሮቶ አለው። በ2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰማ። ችግኙን አልቃወምም፣ እኔም ተክያለሁ። የምለው ችግኝ ፎቶ ይነሳል፣ ክዳን አይነሳም ነው። ከዓለም በካይ ጋዝ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው፤ እኛ ጭሳችንን ብንቀንስም ባንቀንስም ሙቀቱ ይመጣል። በእጃችን ያለው ሲመጣ የሚያገኘው ነገር ነው።

ይህንን ደግሞ ከስቴፈንሲ አገር መማር ይቻላል። ሙምባይ ከዚህች ትንኝ ጋር ከመቶ ዓመት በላይ የኖረች ከተማ ናት። እዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መሰላል ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ የውሃ ታንከሩ ክዳን ካልገጠመ ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ካልሰማ ይቀጣል። በሽታው ጠፋላቸው ማለት አይደለም፤ ቢሆንም ከሃያ ሚሊዮን ሰው ጋር ይህችን ትንኝ ተሸክመው መኖር ችለዋል። እኛ ዘንድ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ የእሳት መውጫ ይጠይቃል፣ የመኪና ማቆሚያ ይጠይቃል፤ የሮቶን ክዳን የጠየቀ ሰው አላየሁም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ክትባት ያስተምራሉ። ብዙ ጊዜ ግን የሕንፃው ጥበቃ ከበር ይመልሳቸዋል። ጣሪያ ድረስ የሚወጣ የለም።

ያን የግንቦት ቅዳሜ ተከትሎ የሕንፃችን ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር። አጀንዳው ሦስት ነው፤ ካሜራ፣ የጄኔሬተር ነዳጅና ሮቶ። ካሜራው አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ስለ ሮቶው ክዳን እኔ ስናገር ከፎቅ ሁለት ያሉት እትዬ «እዚህ አገር ወባ የለ፣ ምን አስጨነቀህ ልጄ?» አሉኝ። ዕድሜዬ ስድሳ ሊሞላ ነው፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ። ሊቀመንበሩ ክዳኑ ለብቻው ገበያ ላይ እንደማይገኝ፣ ሙሉ ሮቶ መግዛት እንደሚያስፈልግ፣ ስለዚህ ከክረምት በኋላ ቢታይ የተሻለ እንደሆነ ተናገረና ጉዳዩ ተዘጋ።

በማግስቱ ልጁ ሰማያዊ አጎበር በፌስታል ይዞ መጣ። ጃዊ ሳለ ቀበሌ ያደለው ነው፤ አዲስ አበባ ሲመጣ እናቱ ሻንጣው ውስጥ ከተውለት ሦስት ዓመት ሳይፈታ ተቀምጦ ነበር። ጣሪያው ላይ በቢላ ሁለት ቦታ ቆረጠው፣ አጥፎ በሁለቱ ሮቶዎች አፍ ላይ አለበሰው። አጎበሩ ነፋስ ሲነፋው እያበጠ ያስቸግረው ስለነበር እኔ ጫፉን ያዝኩለት።

«አገር ቤት ሰው ነበር የሚተኛበት» አለኝ፣ ሲባጎውን በጥርሱ እያጠበቀ።